ምግብ የሚመርጥ ልጅን አዲስ ምግብ ማስለመድ፦ ደረጃ በደረጃ

ባለፈው ሳምንት ጠራርጎ የበላውን ፓስታ ዛሬ ገፋ ያደርገዋል። ሳህኑ ላይ ካሮት ሲያይ ገና ሳይቀምስ ፊቱን ያዞራል። እንቁላል ይወድ ነበር፤ አሁን ሽታው ራሱ ያስከፋዋል። እናት ትለምናለች፣ አባት ይቆጣል፣ እራት በለቅሶ ያልቃል። ነገም ያው ነው።

ይህ መመሪያ እንዲህ ላለ ቤት ነው። በዋናነት የሚመለከተው ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 8 ዓመት ገደማ ያሉ ጤነኛ ልጆችን ነው። ሐኪም ማየት የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ መጨረሻው ላይ ጽፌዋለሁ። ልጃችሁ ክብደት እየቀነሰ ከሆነ ሌላውን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ እንመልስ። የምንፈልገው ልጁ ዛሬ ማታ ሦስት ማንኪያ እንዲውጥ ነው? ወይስ ከዓመት በኋላ የማያውቀው ምግብ ሲቀርብለት ሳይፈራ እጁን እንዲዘረጋ? ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ፤ በተግባር ግን ይጋጫሉ። ዛሬ በግድ የተዋጠች ማንኪያ ነገ ያንኑ ምግብ ይበልጥ ታስጠላዋለች። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው ያንን አስቦ ነው።

ልጁ ለምን እምቢ ይላል?

ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ከተወለደበት ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ ብቻ ነው። እድገቱ ረጋ ሲል የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። ወላጅ ደግሞ የሚያስታውሰው አምና አፉን ከፍቶ ማንኪያ ይጠብቅ የነበረውን ልጅ ነው። "ምን ነካው?" ይላል። ብዙ ጊዜ ምንም አልነካውም።

በዚሁ ዕድሜ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ልጆች ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው የማያውቁትን ምግብ መጠርጠር ይጀምራሉ። ጥርጣሬው ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ በአብዛኞቹ ላይ ቀስ እያለ ይለቃል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ ፍርሃት ጥቅም እንደነበረው ያስባሉ። ልጅ በእግሩ ሄዶ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ መክተት የሚችለው በዚህ ዕድሜ ነውና ከመርዝ ይጠብቀዋል። መራራን አለመውደድም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ጣፋጭ ነገር መውደድ አብሮን ይወለዳል። መራራን የምንወደው ለምደነው ነው። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ በተፈጥሮው ከሌላው ይልቅ መራራው ጎልቶ ይሰማዋል። እናንተ "ይሄ ምኑ ይመራል?" የምትሉት አትክልት ለእሱ እውነትም ይመረዋል።

ዘርም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ ውስጥ ከ8 እስከ 11 ዓመት በሆኑ ከ5,000 በላይ ጥንድ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ ነበር። አዲስ ምግብን በመፍራት ረገድ በልጆቹ መካከል ከታየው ልዩነት 78 በመቶው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ይህን የምነግራችሁ "አበላሽቼ ነው ያሳደግኩት" እያላችሁ ራሳችሁን እንዳትቀጡ ነው። ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ድስት አንዱ ልጅ ሁሉን ይበላል፣ ሌላው ሦስት ነገር ብቻ። የአሳዳጊ ጥፋት አይደለም። በዘር መጣ ማለት ግን አይለወጥም ማለት አይደለም። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ይለወጣል።

1. መጀመሪያ ጻፉ

አንድ ወረቀት ያዙና ልጁ የሚበላውን ሁሉ መዝግቡ። ዳቦም፣ ሙዝም፣ ብስኩትም ይጻፍ። "ምንም አይበላም" የሚል ወላጅ ሲጽፍ 15 እና 20 ነገር ሲያገኝ ይደነቃል። ይህ ብቻውን ልብን ያረጋጋል።

ከዚያ ዝርዝሩን በሌላ ዓይን እዩት። የሚበላቸው ነገሮች በምን ይመሳሰላሉ? ሁሉም ደረቅ ናቸው? ነጭና ቢጫ ብቻ ናቸው? የሚቆረጠሙ ናቸው ወይስ ለስላሳ? መረቅ የነካውን ነገር በሙሉ ይተዋል? አንዳንዱ ልጅ ጣዕም ሳይሆን ልስላሴና ሻካራነት ነው የሚያስቸግረው። ይህን ካወቃችሁ 7ኛው ደረጃ ላይ ሥራችሁ በግማሽ ይቀላል።

2. ሥራውን ተካፈሉ

ኤሊን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያስፋፋችው አንድ ደንብ አለ። የሕፃናት ባለሙያዎች ዛሬም በሰፊው ይመክሩታል። ወላጅ ሦስት ነገር ይወስናል፦ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼ እንደሚቀርብ፣ የት እንደሚበላ። ልጅ ሁለት ነገር ይወስናል፦ መብላት አለመብላቱን፣ ከበላም መጠኑን።

ሲነበብ ቀላል ነው። ከባዱ ልጁ ምንም ሳይነካ ሲነሳ ዝም ማለት ነው።

ድንበሩን በሁለቱም በኩል ነው የምንጥሰው። "ዛሬ ምን ልሥራልህ?" ስንለው የእኛን ሥራ ለእሱ እንሰጣለን። "ሁለት ማንኪያ ብቻ" ስንለው የእሱን እንነጥቃለን። የመጀመሪያው ልጁን የማይችለውን ያሸክመዋል፤ ሁለተኛው ሆዱ የሚነግረውን እንዳይሰማ ያደርገዋል።

"ለልጅ ከተተወማ ምን ሊበላ ነው?" ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ክላራ ዴቪስ የተባለች ሐኪም ይህንኑ ፈትናለች። ገና ጡት የጣሉ ሕፃናት ከ30 በላይ ከሚሆኑ ቀለል ያሉ ምግቦች ራሳቸው እየመረጡ እንዲበሉ አደረገች። ማንም አልገፋፋቸውም። ምርጫቸው በየቀኑ ይለዋወጥ ነበር፤ አንዳንዱ ቀን ለዓይን ግራ የሚያጋባ ነበር። ልጆቹ ግን ጤነኛ ሆነው አደጉ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ስኳርና የታሸገ ጣፋጭ አልነበረም፤ ዝርዝሩን ያወጣችውም ሐኪሟ ናት። ነፃነቱ የሚሠራው ገበታው በአዋቂ ሲዘጋጅ ነው።

ይህን ደንብ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስማማበት። እናት ዝም ስትል አያት እየተከተለች ካጎረሰች፣ ወይም ሞግዚቷ በሰዓቱ መሐል ብስኩት ከሰጠች ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። አያቶች የሚያጎርሱት ከፍቅር ነውና በክብር ንገሯቸው።

3. ሰዓቱን አስተካክሉ

ከዚህ ሁሉ ፈጥኖ ለውጥ የሚያሳየው ይህ ደረጃ ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ ጀምሩ ብዬ እመክራለሁ።

ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመሐል ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ። በመካከላቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይኑር። በዚያ መሐል ከውኃ በቀር ምንም አይሰጥ። ልጅ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ሲቆነጣጥር ከዋለ ገበታ ላይ የሚቀርበው ጠግቦ ነው። የጠገበ ልጅ አዲስ ነገር የሚሞክርበት ምንም ምክንያት የለውም።

ዋናው ሌባ ወተት ነው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ሲበዛ ግን የሌላውን ቦታ ይይዛል። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ በቀን እስከ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ከ700 ሚሊ ሊትር ሲያልፍ ለአይረን እጥረትና ለደም ማነስ ያጋልጣል። ደም ማነስ ደግሞ በተራው የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ልጁ ስለማይበላ ወተት ይጨመርለታል፤ ወተት ስለተጨመረለት ይበልጥ አይበላም። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ወተቱን ቀስ በቀስ ቀንሱና ከምግብ ጋር በብርጭቆ ስጡት። ጡጦ ይዞ መዞር ይቁም። ጁስም ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ1 ዓመት በታች ጭራሽ እንዳይሰጥ፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ደግሞ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይመክራል።

ልጁ እራቱን ሳይበላ ከተነሳና ከግማሽ ሰዓት በኋላ "ራበኝ" ካለስ? በእርጋታ "እራት አልቋል፤ ቀጣዩ መክሰስ በዚህ ሰዓት ነው" በሉት። ከመኝታ በፊት ቀለል ያለ መክሰስ ካስለመዳችሁት ማንም ተርቦ አያድርም። መክሰሱ ግን እራት ያልበላበት ሽልማት እንዳይሆን ተራ ነገር ይሁን።

4. ገበታውን አዘጋጁ

ቲቪና ስልክ ይጥፋ። ካርቱን እያየ የሚጎርስ ልጅ ብዙ ሊውጥ ይችላል፤ ግን የበላውን አያውቀውም፣ ስለዚህ አይለምደውም። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እግሩ የሚያርፍበት ነገር ይኑረው። እግሩ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ልጅ ሰውነቱን ለማረጋጋት ይታገላል እንጂ አይበላም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ሳህኑ ያለ ወቀሳ ይነሳል።

ለሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ ይሠራ። ለልጁ ለብቻ መሥራት ይቅር። ነገር ግን በእያንዳንዱ ገበታ ላይ እሱ የሚያውቀውና የሚበላው አንድ ነገር አይጥፋ። ዳቦ ሊሆን ይችላል፣ ሩዝ ሊሆን ይችላል፣ ሙዝም ሊሆን ይችላል። ይህን እንደ መሸነፍ አትዩት። የሚያውቀው ነገር ገበታው ላይ ሲኖር ልጁ አይደናገጥም፤ ያልተደናገጠ ልጅ ደግሞ ዙሪያውን ማየት ይጀምራል።

መጠኑን አሳንሱ። ለትንሽ ልጅ ከእያንዳንዱ ምግብ በዕድሜው ልክ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ለ3 ዓመት ልጅ ሦስት ማንኪያ ማለት ነው። አዲሱ ምግብ ከዚያም ያንሳል። የአተር ፍሬ የምታክል ቁራሽ በቂ ናት። እናንተ ለጨዋታ ያህል የቆነጠራችሁት ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

እናንተም አብራችሁ ብሉ። ትንንሽ ልጆች አዋቂው ምግቡን አቅርቦ ዝም ከሚል ይልቅ ራሱ ሲበላው ሲያዩ ይበልጥ እንደሚሞክሩ በጥናት ታይቷል። እኩዮችም ኃይል አላቸው። እነሱ የማይመርጡትን አትክልት ከሚመርጡ እኩዮቻቸው ጋር ለተወሰኑ ቀናት አብረው የተቀመጡ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ምርጫቸውን ወደ ጓደኞቻቸው ሲቀይሩ ተመዝግቧል። ሁሉን የሚበላ የጎረቤት ልጅ ካለ ለምሳ ጥሩት። "እሱን አየኸው?" ግን እንዳይባል።

5. አነጋገራችሁን ቀይሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤት የሚሰናከለው እዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ጥናት ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሾርባ አቀረበ። አንዱን ሾርባ ሲያቀርቡላቸው "እባክህ ሾርባህን ጨርስ" ይሏቸዋል። ሌላውን ሲያቀርቡ ምንም አይሏቸውም። ልጆቹ ዝም የተባሉበትን የበለጠ በሉ። የተገፋፉበትን ሾርባ ደግሞ በቃላቸው አጣጣሉት። ያስተውሉ፤ ማንም አልጮኸባቸውም። በጨዋ ቃል ማሳሰቡ ብቻውን በቃ።

ጣፋጭን ጉቦ ማድረግም እንዲሁ ነው። "ብሮኮሊህን ከጨረስክ ኬክ አለ" ሲባል ልጁ የሚማረው ኬክ ሽልማት፣ ብሮኮሊ ቅጣት መሆኑን ነው። መከልከሉም ቢሆን ፍላጎቱን ያባብሳል። ጣፋጭ የሚቀርብበት ቀን ከሆነ ትንሽ ቁራሽ ከምግቡ ጋር እኩል አስቀምጡለት። መጀመሪያ ቢበላውም ግድ የለም።

እስቲ በየቀኑ የምንላቸውን እንመልከት።

"ብላ እንጂ፣ ይጣፍጣል!" — ለእሱ ካልጣፈጠው እናንተ ዋሻችሁት ማለት ነው። በምትኩ ምግቡን ግለጹለት፦ "ይሄ ካሮት ነው፤ ሲቆረጥሙት ድምፅ አለው።" "ይሄኛው ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ይኮመጥጣል።" ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ልጅ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

"አንድ ብቻ ቅመስልኝ፣ ለእኔ ስትል።" — "መቅመስ ከፈለግህ አለልህ፤ ካልፈለግህ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተወው።"

"እሱ እኮ ካሮት አይወድም።" — ይህን ልጁ እየሰማ ለእንግዳ መናገር በጣም ይጎዳል። ልጁ ስሙ አድርጎ ይይዘዋል። "ካሮት ገና አልለመደም" በሉ።

"ኧ! ያስጠላል!" ካለ ደግሞ አትቆጡት፤ አስተካክሉት፦ "'አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ' ማለት ትችላለህ። 'ያስጠላል' ግን የሠራውን ሰው ያስከፋል።" እምቢ ማለት እንደሚችል ያወቀ ልጅ መጮህ አያስፈልገውም።

ሲበላስ? ገበታ ላይ አታጨብጭቡ። ልጁ ካሮት ነክሶ ሁሉም "ጎበዝ! ጎበዝ!" ካለው ነገ ሳይነክስ ሲቀር ያሳፈራችሁ ይመስለዋል። አይታችሁ እንዳላየ ወሬያችሁን ቀጥሉ። ቤት ውስጥ ስለ ምግብ የሚወራው ባነሰ ቁጥር ምግቡ ተራ ነገር እየሆነ ይሄዳል።

6. ደጋግማችሁ አቅርቡ፣ በትንሽ በትንሹ አቅርቡ

ሊያን በርች የምትባለው አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በልጆች የምግብ ምርጫ ላይ ብዙ ሠርታለች። የ2 ዓመት ልጆች አዲስ ምግብ ደጋግመው በቀመሱ ቁጥር ምርጫቸው ወደዚያ ምግብ እንደሚያዘነብል አሳይታለች። ከእሷና ከሌሎች ሥራ የመጣው ልምድ እንደሚለው ልጅ አንድን ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ እንዲቀርብለት ሊያስፈልግ ይችላል። መራጭ ለሆነው ደግሞ ከዚያም በላይ። አብዛኛው ወላጅ ግን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ሞክሮ "አይወደውም" ብሎ ይተዋል። ልጁ መልመድ ሊጀምር ሲል ምግቡ ከገበታ ይጠፋል።

ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ምግብ ብቻ ምረጡና ለሁለት ለሦስት ወር በእነሱ ላይ ቆዩ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይቅረቡ። በአንድ ጊዜ አምስት አዲስ ነገር ማቅረብ ልጁንም ሠሪውንም ያደክማል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ማየት ብቻውን አይበቃም። ደጋግሞ ያየው ምግብ መልኩ ይለመዳል፤ ጣዕሙ የሚለመደው አፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ከዓይን ወደ አፍ የሚወስደው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ ልጁም በራሱ ፍጥነት መሄድ አለበት። መንገዱ ይህን ይመስላል፦ ምግቡ ያለበት ገበታ ላይ መቀመጥ፣ በማንኪያ መንካት ወይም ለሌላ ሰው ማቀበል፣ በጣት መንካት፣ ማሽተት፣ ከንፈር ማስነካት፣ መላስ፣ ነክሶ መትፋት፣ ማኘክ፣ መዋጥ።

አንዲት የ4 ዓመት ልጅ እናስብ። ቲማቲም ሲነካት ትጮኻለች። አባቷ ኩሽና ውስጥ ቲማቲም እየከተፈ "ያንን ሳህን አቀብይኝ" ይላታል። ታቀብለዋለች። የተከተፈው ቲማቲም ላይ ፍሬው ሲያብረቀርቅ ታያለች፤ በጣቷ ጫፍ ጫን ታደርገዋለች። "ያሙለጨልጫል!" ትላለች። "አዎ፣ መሐሉ ያሙለጨልጫል፤ ዳሩ ግን ጠንከር ይላል" ይላታል። ጣቷን ታሸታለች። ልብሷ ላይ ትጠርጋለች። በቃ፣ የዚያን ቀን ይኸው ነው። በሌላ ቀን ዳሩን ብቻ ትልሳለች። ከሳምንታት በኋላ ትንሽ ትነክስና ፊቷን አጨማዳ ሶፍት ላይ ትተፋዋለች። አባቷ "እሺ" ብሎ ሶፍቱን ይቀበላታል፤ ወሬው ይቀጥላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ልጅቷ ቲማቲም አልበላችም። እኔ ግን በዚያ ሶፍት ደስ ይለኛል። ስትጮህበት የነበረውን ነገር በራሷ ፈቃድ አፏ ውስጥ አስገብታዋለች።

መትፋት ይፈቀድ። በጨዋ ደንብ፣ ሶፍት ላይ፣ ድምፅ ሳታሰማ። መውጫ እንዳለው የሚያውቅ ልጅ ለመግባት ይደፍራል።

ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ለሆኑ ልጆች የሚጠቅም አንድ ሌላ ዘዴ አለ። እንግሊዝ ውስጥ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ታይቶበታል። ከገበታ ሰዓት ውጭ፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ልጁ የማይወደው አንድ አትክልት በጣም ትንሽ ቁራሽ ይቀርብለታል። ከቀመሰ ስቲከር ይለጥፋል። ካልቀመሰ "እሺ፣ ነገ እንሞክራለን" ተብሎ ይታለፋል። ይህም ለ12 ቀን ያህል ይቀጥላል። ጉቦ አይጠቅምም ካልኩት ጋር የሚጋጭ እንዳይመስላችሁ። ሽልማቱ ምግብ አይደለም፣ ቁራሷ ትንሽ ናት፣ እምቢ ማለትም ይቻላል። ስቲከሩ እንዲያስጨንቀው ካያችሁ ግን ተዉት።

7. ከሚወደው ተነስታችሁ ድልድይ ሥሩ

አሁን የጻፋችሁትን ዝርዝር አውጡ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ልጁ ከሚበላው ምግብ ተነስታችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ ወደ አዲሱ ትሄዳላችሁ። ቅርጹን፣ ወይም ቀለሙን፣ ወይም ልስላሴውን፣ ወይም ጣዕሙን። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ።

የተጠበሰ ድንች ብቻ የሚበላ ልጅ ካላችሁ መጀመሪያ ወፈር ብሎ የተቆረጠ ድንች ጥብስ ስጡት። ሲለምደው ያንኑ በምድጃ የተጋገረ አድርጉት። ቀጥሎ በዚያው ቅርጽ የተቆረጠ ስኳር ድንች ከጎኑ ይቀመጥ። ከዚያ በዚያው ቅርጽ የተጋገረ ካሮት። ካሮት ሲጋገር ጣፋጭነቱ ስለሚጎላ ይረዳችኋል። ነጭ ፓስታ ብቻ ለሚበላ ልጅ ደግሞ ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ አንድ ሻይ ማንኪያ በደንብ የተፈጨ የቲማቲም ስጎ በጎን በኩል፣ ከዚያ ሁለት ማንኪያ፣ ከዚያ የተፈጨ ሥጋ። በዳቦ ፍርፋሪ የተጠበሰ ዶሮ የሚወድ ልጅ በዚያው ፍርፋሪ የተጠበሰ ዓሣ ለመሞከር ሩቅ አይሆንበትም።

እያንዳንዱ ለውጥ ከቀናት እስከ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እምቢ ካለ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጡ እንጂ አሮጌውን በድብቅ አትቀይሩት። ከሚበላቸው ጥቂት ነገሮች በአንዱ የተታለለ ልጅ ያንንም ሊተወው ይችላል። አትክልት ፈጭቶ በብስኩት ውስጥ መደበቅንም በዚሁ ምክንያት አልወደውም። ቫይታሚን ይገባ ይሆናል፤ ልጁ ግን ስፒናች ምን እንደሆነ አልተማረም። አብራችሁ ብትፈጩትና እያወቀ ቢበላው ግን በጣም ጥሩ ነው።

ገና ጨቅላ ላላችሁ

መጀመር የሚቻለው ቀድሞ ነው። እናት የምትበላው ምግብ ጣዕም በእርግዝና ጊዜ በሽርት ውኃ፣ በኋላም በጡት ወተት በኩል ወደ ልጁ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት ላይ በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ ይጠጡ የነበሩ እናቶች ልጆች የካሮት ጣዕም ያለውን ምግብ በቀላሉ ተቀብለውታል። የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ምግብ በ6 ወር እንዲጀመር ይመክራል። ከዚያ በኋላ በተፈጨ ነገር ላይ አትቆዩ። ጎረድረድ ያለ ምግብ ከ9 እና ከ10 ወር በኋላ የተጀመረላቸው ልጆች ኋላ ላይ ይበልጥ መራጭ ሆነው ተገኝተዋል።

ለጥንቃቄ፦ ማር ከ1 ዓመት በፊት አይሰጥም። እስከ 4 ዓመት ድረስ ሙሉ ለውዝ፣ ፈንዲሻ፣ ጠንካራ ጥሬ ካሮትና ሙሉ የወይን ፍሬ ሊያንቁ ይችላሉ። ወይኑን በቁመቱ አራት ቦታ ክፈሉት፤ ካሮቱን ቀቅሉት። ልጁ የሚበላው ተቀምጦ፣ አዋቂ አጠገቡ ሆኖ ይሁን።

ሐኪም ማየት ያለባችሁ መቼ ነው?

ልጁ ክብደት ከቀነሰ ወይም በእድገት ካርዱ ላይ መስመሩ ወደ ታች ካዘቀዘቀ ነገ ዛሬ አትበሉ። የሚበላቸው ነገሮች ከ20 ካነሱና እያነሱ ከሄዱ፣ የተወውንም ተመልሶ ካልወሰደ፣ ይታይ። ሲውጥ ሁልጊዜ ትን የሚለው፣ የሚያስለው፣ የሚያስታውከው ወይም የሚያመው ከሆነም እንዲሁ። ሥጋ ወይም አትክልት ሳይሆን የሚታኘክ ነገርን በሙሉ የሚተው ልጅም አለ፤ እሱም መታየት አለበት። አንድ ምግብ ከበላ በኋላ አፉን የሚያሳክከው፣ ሽፍታ የሚወጣበት ወይም የሚያብጥ ከሆነ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ያንን ምግብ ለማስለመድ ጭራሽ አትሞክሩ።

ከምርጫው ጀርባ ሌላ ችግር ሊኖርም ይችላል። የሆድ ድርቀት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜም ሳይታወቅ ይቆያል። ደም ማነስ፣ የተቦረቦረ ጥርስ፣ ትልልቅ ቶንሲል፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስም እንዲሁ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሽታና ልስላሴ ከሌላው ልጅ በብዙ እጥፍ ሊከብዳቸው ይችላል፤ ለእነሱ ይህ መመሪያ ብቻውን አይበቃም። ምግብን ከልክ ያለፈ መሸሽ ክብደትን፣ ጤናንና የዕለት ኑሮን ሲያውክ ራሱን የቻለ ሕመም ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 በይፋዊ የምርመራ መመሪያው ውስጥ በራሱ ስም አስገብቶታል። የሚረዱ ባለሙያዎችም አሉ፦ የሕፃናት ሐኪም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ በመብላትና በመዋጥ ላይ የሚሠሩ ቴራፒስቶች።

ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሚበላውን ዝርዝር፣ የሦስት ወይም የአራት ቀን የምግብ ማስታወሻ ከነሰዓቱ፣ በቀን የሚጠጣውን ወተትና ጁስ መጠን፣ የእድገት ካርዱን ያዙ። ሲበላ የሚያስቸግረውን ነገር በስልክ ቀርጻችሁ ካሳያችሁ ደግሞ ሐኪሙ በክፍሉ ውስጥ የማያየውን ያያል። "መራጭ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል" ብሎ ቢሸኛችሁና ልባችሁ ካላረፈ ሁለተኛ ሐኪም ጠይቁ፤ ልጁን በየቀኑ ሦስት ጊዜ ገበታ ላይ የምታዩት እናንተ ናችሁ።